ቦሎ በሌለበት አገር፦ አሮጌ ሞተር ለገዛህ ልጄ

ልጄ፣ ሞተር መግዛትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የ1986 ሆንዳ ሬብል 250 ዝቅ ያለች፣ ለጀማሪ የማታስቸግር ሞተር ናት፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው መንዳት የተማረው በእሷ ነው። ነገር ግን ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ልትመላለስባት ካሰብክ፣ ሳልነግርህ እንቅልፍ የማይወስደኝ ነገር አለ። በአገራችን ተሽከርካሪ በየዓመቱ ምርመራ ይቆማል፤ ፍሬኑ ካልያዘ፣ ጎማው ሊሾ ከሆነ ቦሎ አይሰጠውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። አብዛኛው መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ያደርጋል፤ ሞተር ሳይክል ከዚያም ነፃ ነው። የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ፣ ዲኤምቪ፣ የሚፈልገው ክፍያውንና ኢንሹራንሱን ነው። ሞተሯን የሸጠልህ ሰው ፍሬኗን ሃያ ዓመት ሳይነካው ኖሮ ቢሆን እንኳ የጠየቀው የለም። ስለዚህ መርማሪው አንተው ነህ።

1. የጎማህን ዕድሜ ከቁጥሩ አንብብ።
ጎማው ጎን ላይ “ዲኦቲ” በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በአንዱ ጎን ካጣኸው ሌላውን ጎን እይ። የቁጥሩ መጨረሻ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር እስከ ማደያ እንኳ እንዳትነዳበት። ጋራዥ ውስጥ የቆመ ሞተር ጎማው አያልቅም፣ ግን ይደርቃል፤ ላስቲኩ ይጠነክርና አስፋልቱን መያዝ ያቆማል። ሚሽሊን አምስት ዓመት የሞላውን ጎማ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ያለፈውን ግን ደህና ቢመስልም ቀይሩ ይላል። እኔ ለሁለት እግር ተሽከርካሪ አሥሩን አልጠብቅም።

የካሊፎርኒያ ሕግ የጥርሱ ጥልቀት ከአንድ ኢንች 32ኛ፣ ማለትም ከ0.8 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይሆን ያዛል። ይህ ፖሊስ የሚቀጣበት ወሰን እንጂ አንተ የምትተማመንበት አይደለም። እዚህ በጋውን ሙሉ ጠብ አይልም፤ ከመኪና የሚንጠባጠበው ዘይት ሁሉ አስፋልቱ ላይ ይከማቻል። ከዚያ በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መንገዱ ያሙለጨልጫል። 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቀይረው።

2. ሁለቱን ጎማ አብረህ ግዛ፣ ከመነዳሪውንም አትርሳ።
የሬብልህ የፊት ጎማ 3.00-18፣ የኋላው 130/90-15 ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት ሥሪት ያላቸውን ውሰድ፤ ሬዲያልና ተራ ጎማ አታቀላቅል። ቸርኬዋ ባለ ራጂ ስለሆነ ጎማው ውስጥ ከመነዳሪ አለ። ከአዲስ ጎማ ጋር የድሮ ከመነዳሪ የሚያስገባ ሰው ጥቂት ዶላር አተርፋለሁ ብሎ ሕይወቱን ያስይዛል፤ አሮጌው ከመነዳሪ ተለጥጦ ስለሰፋ ውስጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈበትም ይቀደዳል። ራጂዎቹ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን የላስቲክ ቀበቶም አብረህ ቀይር። ጎማው በፖስታ ከመጣልህ ከማስገጠምህ በፊት ቁጥሩን አንብብ፤ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ከሆነ መልሰው።

3. ቸርኬውን ራስህ ፍታ፣ ጎማውን ግን ጎሚስታ ይግጠምልህ።
ብዙ የሞተር ጋራዥ ሙሉ ሞተር ከምታመጣ ቸርኬውን ብቻ ይዘህ ብትመጣ የሚያስከፍልህ ያንሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሌቫ ጎማ የሚገጥም ሰው አዲሱን ከመነዳሪ ይቆነጥጠዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የመፍታቱ ሥራ ግን ያንተ ይሁን፤ የሞተርህን ጤና የምታውቀው ስትፈታት ነውና። ኦክላንድ በዚህ ረገድ ጥሩ መምህር አላት፤ ቶቢ ጂን ሌቪንግስተን በ1959 እዚያ ያቋቋመው የጥቁር አሜሪካውያን የሞተር ማኅበር፣ ኢስት ቤይ ድራገንስ፣ እስከ ዛሬ አለ። በዚያች ከተማ አሮጌ ሃርሊ የያዘ ሽማግሌ ካገኘህ ሰላም በለውና ጠይቀው። ስለ ሞተሩ የጠየቀውን ወጣት የሚያባርር ሽማግሌ አላየሁም።

4. ስትፈታ በቅደም ተከተል አስቀምጥ።
እያንዳንዱን ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሞተሯን ከሥር በክሪክና በእንጨት አጥብቀህ ደግፍ። ከፊት ጎማ ስትጀምር የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚገባበትን ማርሽ እየው፤ ስትመልሰው ጥርሱ ከቸርኬው ማረፊያ ጋር ካልገጠመና ፔርኖውን ካጠበቅክበት ይሰበራል። ጎማው ወልቆ ሳለ የፊት ፍሬኑን እጀታ እንዳትጨብጠው፤ ፒስተኑ ወጥቶ ይመጣል። በሁለቱ ሸራ መሐል ቀጭን እንጨት አስገባበት።

ከኋላ ደግሞ የታምቡሩን ክዳን ከሞተሯ ክንድ ጋር የሚያያይዝ አንድ ብረት አለ። ይህን ብረት ልብ በል። ስትገጥም ዳዶው ከተረሳ፣ ፍሬን ስትረግጥ ክዳኑ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ያጣምማል፣ ጎማው በአንድ ጊዜ ይቆለፋል። ዳዶው ላይ የነበረውን ኮፒሊያ አቃንተህ አትመልሰው፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ኮፒሊያ ይሰበራል፣ አዲሱም ከሳንቲም አይበልጥም።

ቸርኬው እጅህ ላይ እያለ ሁለት ነገር አድርግ። ጣትህን ኩሽኔታው ውስጥ አስገብተህ ቀስ ብለህ አዙር፤ አሸዋ ያለው ያህል ከተንኳኳ ይቀየር። ከዚያ በካቻቪቴ እጀታ ራጂዎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርግ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ የላላው ዱብ ይላል። ብዙ የላላ ካገኘህ ለሚያውቅ ሰው ስጠው፤ በግምት ያጠበቅኸው ራጂ ቸርኬውን ያጣምመዋል።

5. ጎሚስታው የሠራውን አንተ ፈትሽ።
ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫን የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ወደ ፊት የሚዞርበትን ያሳይ። ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ጎማውን ዙሪያውን የምትከተል ቀጭን መስመር አለች፤ ከጠርዙ ያላት ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል ካልሆነ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። የአየሩ ልክ ሞተሯ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመጽሐፏ ይገኛል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን ነው እንጂ የምትሞላው ልክ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ እንደገና ለካ።

6. የፊት ፍሬንህን እንደ ነፍስህ ያዝ።
የማቆም ኃይልህ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚመጣው ከፊት ነው። ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይዞራል፣ የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። ከኋላ ብቻ መያዝ የለመደ ሰው አደጋ ሲመጣበት ጎማውን ቆልፎ ይንሸራተታል።

መጀመሪያ ዘይቱን እይ። እጀታው አጠገብ ያለው መያዣ ትንሽ መስኮት አለው፤ ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ከዓመታት በፊት መቀየር ነበረበት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ ቱቦው እንኳ ያሳልፍለታል። አዲስ ዲኦቲ 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን መለኪያው ከእሱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገርህ። ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ሳንታ ክሩዝ ሄደህ በሃይዌይ 17 ስትመለስ፣ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጫፍ ወደ ሎስ ጋቶስ እየተጠማዘዝክ ትወርዳለህ። ፍሬን እየያዝክ እየለቀቅክ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ እጀታው እስከ መሪው ይመጣል፣ ሞተሯ ግን አትቆምም። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ማርሽ ቀንሰህ በሞተሩ ኃይል ውረድ፤ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ቀይር።

የዘይት መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ተጠቀም። ዲኦቲ 5 የሚባለው የሲሊኮን ስለሆነ ከ3ም ከ4ም ጋር አይቀላቀልም። ስትቀይር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ እጀታውን ጨብጥ፣ ማስተንፈሻውን ክፈት፣ ዝጋ፣ ከዚያ እጀታውን ልቀቅ። ሳትዘጋ ከለቀቅክ አየር ይገባል። መያዣው እንዳይጎድል እየጨመርክ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድገመው። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ የቤንዚን ታንከሩን በጨርቅ ሸፍን። የ1986 የላስቲክ ቱቦዋ አሁንም ያለ ከሆነ ሳትከራከር ቀይረው።

የሸራው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ወይም ሸራው ላይ ያለው የማለቂያ መስመር ከጠፋ ይለወጥ፤ ግሪስ ወይም የፍሬን ዘይት የነካውን ሸራ አጥበህ መልሰህ አትጠቀምበት። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል፤ እሱንም ለካ። አዲስ ሸራ ከገጠምክ በኋላ ሞተሯን ከማስነሳትህ በፊት እጀታውን ደጋግመህ ጨብጥ። የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው፤ ፒስተኑ ሸራውን ገና አልደረሰበትምና። ይህን ሳያደርግ ከግቢው የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መስቀለኛ መንገድ ላይ ፍሬን የለውም።

7. የኋላው ታምቡር።
ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ርገጥና ከውጭ ያለውን ትንሽ ቀስት እይ። ክዳኑ ላይ ካለው ምልክት ከደረሰ ሸራው አልቋል። ቀስቱ ደህና ቢልህም የዚህን ያህል ያረጀ ታምቡር አንድ ጊዜ ከፍተህ እየው፤ የድሮ ሸራ ከተለጠፈበት ብረት ተላቆ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል። አቧራውን በአፍህም በኮምፕሬሰርም እንዳትነፋው፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ማስክ አድርግ፣ በፍሬን ማጽጃ አርጥበህ ጥረገው። ካቴናውን ስታጠብቅ ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሳብ የኋላ ፍሬኑም አብሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ካቴና በነካህ ቁጥር የፔዳሉን ልቅታ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አስተካክል፣ የፍሬን መብራቱም በጊዜው መብራቱን እይ።

8. አሮጌውን ዘይት ፍሳሽ ውስጥ አትድፋ።
የመንገድ ፍሳሽ ወደ ቤይው ነው የሚሄደው። ኦክላንድ ኢስት 7ኛ ጎዳና ላይ ካውንቲው የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ የሳን ሆዜ ነዋሪ በቀጠሮ በሳንታ ክላራ ካውንቲ ይሰጣል።

9. የመጀመሪያዎቹን 100 ማይሎች ታገስ።
አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል፣ አዲስ ሸራም ገና አልተላመደም። በዝግታ ንዳ፣ ብዙ አታዘንብል፣ ፍሬኑን በለሆሳስ ደጋግመህ ያዝ። ወደ 880 ሃይዌይ ለመውጣት አትቸኩል። በኦክላንድ በኩል ከባድ መኪና በ580 ሃይዌይ እንዳያልፍ ስለተከለከለ የወደቡ ጭነት ሁሉ ወደ 880 ይጎርፋል፤ ሚስማሩም፣ የፈነዳ ጎማ ቁራጩም እዚያ ነው። በመኪኖች መሐል ሰንጥቆ ማለፍ በካሊፎርኒያ ሕግ ከ2017 ጀምሮ በግልጽ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ፍሬንህን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ደጋግመህ ሳትሞክር እንዳታደርገው። ከ100 ማይል በኋላ ዳዶዎቹን በሙሉ በመጽሐፉ ልክ አረጋግጥ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ የእኔን ውሰድ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ከፈለግህም አብረን እንፈትሻታለን።