ሰልፉ ለምን ይረዝማል? የምርጫ ጣቢያ አቅምና የመራጮች እኩልነት ከራያ ቆላ አንጻር

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ በበርካታ ጣቢያዎች ሰልፉ እስከ ምሽት ዘለቀ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊያበቃ የነበረውን የድምፅ መስጫ ጊዜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመ። በሲዳማ ክልል ደግሞ በድምፅ መስጫ ወረቀት እጥረት ምክንያት ምርጫው ወደ ማግስቱ ተሻገረ። ረጅም ሰልፍ የሕዝብ ተሳትፎ ምልክት ተደርጎ ይወደሳል፤ ይሁን እንጂ የጣቢያው አቅም ከመራጩ ቁጥር ጋር አለመመጣጠኑንም ያሳያል።

በዚያ ምርጫ አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጮች እንዲመዘግብ ተፈቅዶ ነበር። አንድ መራጭ በምስጢራዊው መከለያ ውስጥ 2 ደቂቃ ይቆያል ቢባል፣ ሁለት መከለያዎች በ12 ሰዓት ውስጥ የሚያስተናግዱት 720 ሰው ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ቢጨመር ቁጥሩ 900 ይደርሳል፤ 600 መራጮች ግን ይቀራሉ። መከለያዎቹ አምስት ቢሆኑ 1,500ው ሁሉ በመደበኛው ሰዓት ይዳረሳሉ። ስለዚህ ሰዓት ማራዘም ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

ይህ ስሌት መራጮች ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን እንደሚመጡ ታሳቢ ያደርጋል። በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው ዋጃ ግን ይህ ታሳቢ አይሠራም። በራያ ቆላ ፀሐይ ሳይበረታ ጉዳዩን መጨረስ የሚሻ ሰው ብዙ ነው፤ ሰልፉም በማለዳ ይከማቻል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ፣ አቅመ ደካማና ሕፃን ያዘለች እናት ድምፃቸውን ሳይሰጡ ቢመለሱ ተመልሰው የመምጣት ዕድላቸው ጠባብ ነው። በተጨማሪም የአስተዳደር ወሰን ለዓመታት ባከራከረበትና ጦርነት ነዋሪን ባፈናቀለበት አካባቢ፣ በቆየ የሕዝብ ቁጥር ላይ የተመሠረተ የቁሳቁስ ድልድል ከእውነታው ሊርቅ ይችላል።

ስለሆነም ለሁሉም ጣቢያ አንድ ዓይነት ቁሳቁስ ማደል ከፍትሐዊ ድልድል ጋር አንድ አይደለም። የመከለያና የአስፈጻሚዎች ቁጥር በተመዘገበው መራጭ ልክ፣ በመምጫ ሰዓቱና በመንገዱ ርቀት ሊወሰን ይገባል፤ ጥላና የመጠጥ ውኃም ከምርጫ ቁሳቁስ ሊቆጠሩ ይገባል። በሕግ እኩል የሆነ ድምፅ በተግባርም እኩል የሚሆነው፣ ዜጋው ድምፁን ለመስጠት የሚከፍለው የጊዜና የድካም ዋጋ ሲቀራረብ ነው።