በተሽከርካሪ ቤት ጣራ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ማራገቢያ እንዴት ይለወጣል?

በሰሜን አሜሪካ ለዕረፍት የሚጓዙ ብዙ ሰዎች ሆቴል ከመከራየት ይልቅ ቤታቸውን ይዘው መሄድን ይመርጣሉ። ይህ ተሽከርካሪ ቤት አንዳንዱ እንደ አውቶቡስ የራሱ ሞተር ያለው ነው፤ ሌላው ደግሞ ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት ነው። በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ እንዲሁም አንድ ሰው ቆሞ ሲታጠብ ክርኑ ከግድግዳው ጋር የሚጋጭበት ትንሽ መታጠቢያ ቤት ይገኝበታል። በዚችው ክፍል ጣራ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳውም ውስጥ የአየር ማስወጫ ማራገቢያ ተገጥሟል። ይህ ማራገቢያ ሲበላሽ እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ስለ እንፋሎት፣ ስለ አየር እንቅስቃሴና ስለ ኤሌክትሪክ በክፍል የተማርነው ሁሉ በዚህ በአንድ ቀዳዳ ዙሪያ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ለተማሪ ጥሩ መልመጃ ነው።

በመጀመሪያ ማራገቢያው ለምን እንዳስፈለገ እንይ። ሰው በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል። ጣራው ቀጭን ስለ ሆነ በብርድ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛውን ጣራ ሲነካ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ድስት ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበውን ላብ አይቶታል፤ ይህም ያው ነው። ልዩነቱ ድስቱ ብረት ሲሆን የብዙዎቹ ተሽከርካሪ ቤቶች ጣራ ግን ከእንጨት ርብራብና ከቀጭን ኮምፔንሳቶ የተሠራ መሆኑ ነው። ውኃው ሳይደርቅ የሰነበተ እንደ ሆነ መጀመሪያ ሻጋታ ይወጣል፤ ቀጥሎም እንጨቱ ይበሰብሳል።

ማራገቢያው ምን ያህል አየር ያወጣል? ክፍሉ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ነው እንበል። ይዘቱ 2.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። አነስተኛ ማራገቢያ በደቂቃ 1.4 ሜትር ኩብ አየር ቢያወጣ፣ የክፍሉን ይዘት የሚያህል አየር ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይወጣል ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የወጣውን ያህል አየር በሌላ በኩል ሲገባ ብቻ ነው። በሩና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ የሚገባውን ያህል አያወጣም። ደካማ ነው ተብሎ ሊጣል የታሰበ ማራገቢያ፣ በሩ ጥቂት ገርበብ ሲል ደህና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በዚሁ ምክንያት የሚመጣ ሌላም ጣጣ አለ። በተሽከርካሪ ቤት ውስጥ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የሚቀመጠው ከወለሉ በታች ባለ ማጠራቀሚያ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ማራገቢያው እየዞረ ሳለ የሽንት ቤቱ መዝጊያ ቢከፈት፣ የጎደለው አየር ከማጠራቀሚያው ተስቦ ይመጣል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ውኃውን ለቅቆ መዝጊያውን መዝጋት፣ ማራገቢያውን ማብራት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ማራገቢያው አልዞር አለ እንበል። መቆሙ ብቻ ሞተሩ ለመሞቱ ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ ፊውዙ ይታያል፤ ቀጥሎ ማብሪያው ይፈተናል፤ ከዚያም ወዲያ ሞተሩ ዘንድ በሚደርሱት ሽቦዎች ላይ ቮልቱ በቴስተር ይለካል። ኤሌክትሪኩ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚመጣ ነው። በደንብ የተሞላ የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሥራ ሳይሠራ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህን የሚቀራረብ ቮልት ከሞተሩ ዘንድ ደርሶ ሞተሩ ካልዞረ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ካልደረሰ ግን ጥፋቱ በሽቦው መንገድ ላይ ነውና አዲስ ማራገቢያ መግዛት ገንዘብ መጣል ይሆናል።

በሽቦዎቹ ቀለም መታለል ቀላል ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ የለመደ ሰው ጥቁር ሽቦ ሲያይ ኔጌቲቭ ነው ብሎ ይገምታል። በአሜሪካ ተሽከርካሪ ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ ነጩ ኔጌቲቭ፣ ጥቁሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የሚታመነው ቴስተሩ ነው። ሽቦዎቹ ተገላብጠው ቢቀጠሉ ቀላሉ ሞተር ወደ ኋላ ይዞርና አየሩን ከማስወጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለው ዓይነት ደግሞ ሊቃጠል ይችላል። ሽቦ ከመንካት በፊት ባትሪውን መንቀል ብቻ አይበቃም። ቤቱ ከውጭ ከ120 ቮልት መስመር ጋር ከተያያዘ በውስጡ ያለው መለወጫ 12 ቮልቱን መስጠቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ይቋረጣሉ።

ሞተሩ ብቻ ሞቶ የፕላስቲኩ ማቀፊያ ደህና ከሆነ ጣራውን መንካት አያስፈልግም። ከውስጥ በኩል መረቡንና ሞተሩን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ሞተሩን ለብቻው መለወጥ ይቻላል፤ የአዲሱ ሞተር ዘንግ ውፍረትና የሚዞርበት አቅጣጫ ግን ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። በእኔ አስተያየት ይህን ሳይሞክር ጣራ የሚከፍት ሰው ችግርን በገዛ እጁ ይጠራል። ማቀፊያው በፀሐይ ብዛት ደርቆ እንደ ሸክላ የሚሰባበር ከሆነ ግን ሁሉንም ማንሣት ግድ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲሱ ከመገዛቱ በፊት ቀዳዳው ይለካል። በአሜሪካ የተለመደው ልክ በየጎኑ 14 ኢንች፣ ማለት 35.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ያነሰም ይገኛል።

ወደ ጣራው የሚወጣው በደረቅና ነፋስ በሌለበት ቀን ነው። ጣራው በሁሉም ቦታ ሰው አይሸከምም፤ ስለዚህ ሰፊ ሳንቃ በርብራቦቹ ላይ አጋድሞ በዚያ ላይ መንበርከክ ይሻላል። በአጠገቡ ክዳን ያለው ቧንቧ ብቅ ብሎ ቢታይ የማጠራቀሚያው መተንፈሻ ሊሆን ስለሚችል እንዳይደፈን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማቀፊያው ዙሪያ ያለው አሮጌ ማሸጊያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ቀስ እየተባለ ይነሣል። ስለታም ብረት ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን የጣራውን ልባስ ይቀደዋል። ብዙዎቹ ጣራዎች ኢፒዲኤም በሚባል ጎማ የተለበጡ ናቸው፤ ይህን ጎማ ቤንዚንና የመሳሰሉት ማጽጃዎች ስለሚያሳብጡት በእነርሱ ማጽዳት ክልክል ነው።

ብሎኖቹ ወጥተው ማቀፊያው ሲነሣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው እንጨት ይገለጣል። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ መፈተን ያስፈልጋል። ጠንካራ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። እንደ እርጥብ ዳቦ የሚበሳ ከሆነ ግን ብሎን አይይዝም፤ የበሰበሰው ተቆርጦ በደረቅ እንጨት ሳይተካ አዲሱን መግጠም ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ከሁሉ ከባዱ ሥራ ላይ ደርሰናል። በአገራችን ቆርቆሮ የሚመታ አናጢ ምስማሩን ከሸንተረሩ ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ ከሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። የተሽከርካሪ ቤት ጣራ ግን ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነው፤ ውኃ ይተኛበታል፤ ብሎኑም የሚሸሽበት ጉብታ የለውም። ስለዚህ ውኃ የመከልከሉ ኃላፊነት ሁሉ በማሸጊያው ላይ ወድቋል። ማራገቢያው ባይዞር ክፍሉ ይታፈናል፤ ማሸጊያው ቢሰነጠቅ ግን ውኃው ማንም ሳያየው በልባሱ ሥር እየተሳበ ጣራውን ይበላዋል።

ማሸጊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቡቲል የሚባል የሚያጣብቅ የጎማ ጥብጣብ ሲሆን፣ ከማቀፊያው ከንፈር ሥር ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይነጠፋል። ብሎኖቹም እንደ መኪና ጎማ ብሎን ፊት ለፊት ያሉት እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። ጥብጣቡ ተጨፍልቆ በዙሪያው እኩል ብቅ ሲል ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው ከላይ የሚፈስስና ራሱን አስተካክሎ የሚተኛ ሙጫ ነው፤ የእያንዳንዱን ብሎን ራስና የከንፈሩን ጠርዝ በሙሉ መሸፈን አለበት። ሙጫው ከጣራው ልባስ ጋር የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ ከጽሑፉ ይነበባል። በየሱቁ ይገኛል ብሎ ሲሊኮን የሚቀባ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ሲጠግን በሲሊኮኑ ቅሪት ላይ አዲስ ማሸጊያ አልያዝ ይለዋል።

የክዳኑ ማጠፊያ ወደ ተሽከርካሪው ፊት እንዲሆን ተደርጎ መገጠሙም ሊረሳ አይገባም። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ጉዞ ቢጀመር ከፊት የሚመጣው ነፋስ ወደ መዘጋት ይገፋዋል፤ ማጠፊያው ወደ ኋላ ቢሆን ግን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ይገነጥለዋል።

ሽቦዎቹ ተቀጥለው ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ቀጭን ወረቀት ወደ መረቡ ይጠጋል፤ ከመረቡ ላይ ከተለጠፈ አየሩ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ማራገቢያው 2 አምፔር ቢወስድ፣ 12 ቮልት ሲባዛ በ2 አምፔር 24 ዋት ይሆናል፤ ዐሥር ሰዓት ቢሠራ ደግሞ ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ አምስተኛውን ይጨርሳል።

የመጨረሻው ፈተና የውኃው ነው። ሙጫው በጣሳው ላይ የተጻፈለትን ጊዜ ያህል ከደረቀ በኋላ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በአትክልት ማጠጫ ዙሪያውን ያጠጣል፤ ሌላው ከውስጥ ሆኖ፣ የውስጠኛው ክፈፍ ሳይመለስ፣ የእንጨቱን ጠርዝ በእጅ ባትሪ ይመለከታል፤ በጣቱም ይዳስሳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ክፈፉ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ማሸጊያው በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታያል፤ ስንጥቅ የተገኘበትም ቦታ ጸድቶ በዚያው ዓይነት ሙጫ ይደፈናል።