የቤት ዕቃ ልባስ ቆዳ ዓይነቶችና መለያዎቻቸው

መግቢያ
ለሶፋና ለወንበር ልባስነት የሚቀርቡ ልዩ ልዩ ምርቶች በገበያ ላይ «እውነተኛ ቆዳ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። ስያሜው ግን የምርቱን ጥራትም ሆነ የአገልግሎት ዘመን አያመለክትም። ይህ አጭር ጽሑፍ ዓይነቶቹ በሦስት መመዘኛዎች ማለትም በንብርብር፣ በገጽ አጨራረስና በይዘት ሊለዩ እንደሚገባ ያስረዳል።

1. ንብርብር
ለቤት ዕቃ በአብዛኛው የሚውለው የከብት ቆዳ ነው፤ የበግና የፍየል ሌጦ ስፋቱ አነስተኛ በመሆኑ ይበልጡን ለጓንትና ለልብስ ይመረጣል። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል። ጠጉር የበቀለበት የላይኛው ንብርብር ቃጫው የታመቀ ነው። «ስፕሊት» የሚባለው የታችኛው ንብርብር ግን የተፈጥሮ ገጽ ስለሌለው ለስላሳ የቆዳ መልክ የሚያገኘው በሚለበጥበት ሽፋን ነው። ሁለቱም ከቆዳ የተገኙ ቢሆኑም በጥንካሬ አይተካከሉም።

2. የገጽ አጨራረስ
አኒሊን ቆዳ ማቅለሚያው ወደ ውስጥ የዘለቀ፣ ገጹ በፒግመንት ያልተሸፈነ ነው። ለስላሳና አየር አሳላፊ ቢሆንም ፈሳሽና ቅባት ፈጥኖ ይመጥጣል፤ በፀሐይም ይደበዝዛል። ከፊል አኒሊን ቆዳ በስሱ የተቀባ ፒግመንት አለው። ሙሉ በሙሉ በፒግመንት የተሸፈነው ደግሞ የተፈጥሮ ልስላሴው ቢቀንስም እድፍንና ፍትጊያን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ለሚገለገልበት ስፍራ ይስማማል።

በአገራችን የመዥገር ንክሻ፣ የእሾህ ጭረት፣ የመተኮስ ጠባሳና በገፈፋ ጊዜ የሚደርስ የቢላ ጉዳት የከብት ቆዳን ገጽ ያበላሻሉ። እንዲህ ያለው ቆዳ ለአኒሊን አጨራረስ ስለማይመች ገጹ ይሞረድና በፒግመንት ተሸፍኖ ሰው ሠራሽ ቅርጽ ይታተምበታል። ስለዚህ የልባስ ቆዳ ዓይነት የሚወሰነው በፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከከብት አያያዝና ከእርድ ጀምሮ ነው።

3. ይዘት
ከተፈጨ የቆዳ ቃጫና ከማጣበቂያ የሚዘጋጅ ምርትም አለ። ይህ ምርት ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ጨርቅ ይኖረዋል፤ የላይኛው ፕላስቲክ ሽፋኑም በአገልግሎት ብዛት ይላጣል። ኢኤን 15987 የተሰኘው የአውሮፓ የስያሜ ደረጃ እንዲህ ያለውን ምርት «ቆዳ» ብሎ መጥራትን አይፈቅድም። የተፈጥሮ ቆዳም ቢሆን የገጽ ሽፋኑ ከ0.15 ሚሊሜትር ከበለጠ «ሽፋን የተለበጠ ቆዳ» መባል አለበት።

ማጠቃለያ
በግዢ ሰነድ ላይ «ቆዳ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ገዢውን አይጠብቅም። ንብርብሩ፣ የአጨራረሱ ዓይነትና የሽፋኑ ውፍረት፣ እንዲሁም የምርቱ ይዘት ተለይተው ሊጠቀሱ ይገባል። የሚቀርበውም ናሙና የተቆረጠ ጠርዙና ጀርባው የሚታይ ሊሆን ይገባል፤ የላይኛው ገጽ ማንኛውንም ምርት ሊያስመስል ይችላልና።