የጽጌ ደስታና የጥቅምት ሌሊት

በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ክረምት መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በማግሥቱ መስከረም 26 ቀን መፀው ይገባና እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይቆያል። ከመፀውም የመጀመሪያዎቹ 40 ዕለታት፥ ይኸውም እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት፥ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ጽጌ ማለት አበባ ነው። በዚህ ወራት ሁለት ነገሮች በአንድነት ይታሰባሉ፤ አንደኛው ምድር በአበባ ማጌጧ፥ ሁለተኛው እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ነው። የአበባው ደስታና የስደቱ ኀዘን ስለ ምን በአንድ ወራት ተገናኙ?

አስቀድመን ደስታውን እንመልከት። በአዲስ አበባ፥ በአራዳ፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ እርሳቸውም ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑ፥ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው። በዚህ ወራት በዚያ የሚያልፍ ሰው ክረምቱን ሲደፈርስ የከረመው ውኃ መጉደሉን፥ ጭቃውም መድረቁን ያያል። በመንገድ ዳር የበቆሎ እሸት በፍም ላይ ይጠበሳል፤ የባቄላው እሸት ይከተላል። ሽማግሌዎች ከግድግዳ ተጠግተው የጧት ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እናቶች በማለዳ ያሰጡትን ነጠላ ሳይመሽ ደርቆ ያነሡታል። በየአድባራቱም ሊቃውንቱ የአባ ጽጌ ድንግልን ድርሰት ማኅሌተ ጽጌን ሲቆሙ ያድራሉ።

ይህን ሁሉ ሥጋዊ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ምእመን ይኖራል። ነገር ግን ጌታችን ራሱ ደቀ መዛሙርቱ የሜዳ አበቦችን እንዲመለከቱ አስተምሯል (ማቴ. 6)። በነህምያም ዘመን ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምተው ባለቀሱ ጊዜ፥ እንዳያዝኑና እንዲበሉ፥ እንዲጠጡም ታዘዙ (ነህ. 8)። ይህም የሆነው በሰባተኛው ወር ነው፤ እርሱም በእኛ አቈጣጠር በመስከረምና በጥቅምት ግድም ይውላል። ትእዛዙ ግን በመብላትና በመጠጣት አልተፈጸመም፤ ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ከማዕዱ ክፍሉን እንዲልኩለት ተጨመረበት። የተላከውም ክፍል እንጂ ፍርፋሪ አልተባለም።

አሁን ወደ ጥቅምት ሌሊት እንመለስ። ሰማዩ ከደመና ሲጠራ ፀሐይ በቀን ያለ ከልካይ ታሞቀናለች። ሌሊት ግን ምድርን እንደ ልብስ የሚሸፍናት ደመና ስለሌለ፥ በቀን የተቀበለችው ሙቀት ወደ ላይ ይወጣና ብርዱ ይጸናል። አባቶቻችን ‹‹በጥቅምት አንድ አጥንት›› ማለታቸውም ስለዚህ ብርድ ነው። እንግዲህ በቀን እኛን ደስ ያሰኘን ያው የጠራ ሰማይ፥ በሌሊት በጎዳና የሚያድረውን ወንድማችንን ያንቀጠቅጠዋል።

በአራዳና በፒያሳ ደግሞ ሌላ የሚታሰብ አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና ይጠጡ የነበሩ ጎረቤቶች ተለያይተዋል። በቀድሞው ሰፈር የቀረውም፥ ወደ ሩቅ የሄደውም፥ ቡናው በፈላ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ የሚጠራው ሰው አጥቷል።

የሁለቱ መታሰቢያ መገናኘት ምክንያቱ ከዚህ ይገለጣል። የዓለም ጌታ በሕፃንነቱ ቤት እንደሌለው ሰው ተሰዷልና (ማቴ. 2)፥ አበባውን አይቶ የሚደሰት ሁሉ ማደሪያ ያጣውን እንዳይረሳ ነው። ስደተኛውን የረሳ ደስታ ግማሽ ደስታ ነው። ጾመ ጽጌም በፈቃድ የሚጾም ስለሆነ፥ የሚጾም ሰው ከማዕዱ ያስቀረውን ለተራበ ይስጥ፤ የማይጾምም ከሚበላው ያካፍል።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፤ እሸቱን ስትቀምሱ አስቀድማችሁ አመስግኑ፤ ለራሳችሁ ስትገዙም አንዱን ለሌላው ግዙ። በሣጥን የተቀመጠ ትርፍ ጋቢ ቢኖራችሁ ብርዱ ሳያልፍ ለሚያስፈልገው አልብሱት። ርቆ የሄደውንም ጎረቤት ኅዳር 5 ቀን ሳይደርስ አንድ ቀን ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ቡናውንም አብራችሁት ጠጡ። ዘመኑን በአበባ ያስጌጠ አምላክ ልባችንንም በርኅራኄ ያስጊጥልን፤ አሜን።