ባትሪውን ከመንቀልህ በፊት

ቆይ ወንድምዓለም፣ ቁልፉን አስቀምጥና ስማኝ። ኔጋቲቩን ነቅለህ የ«ቼክ ኢንጅን» መብራቱን ልታጠፋው ነው አይደል? ይጠፋልህ ይሆናል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን ኮምፒውተሩ የመዘገበው ኮድም በብዙ መኪና አብሮ ይሰረዛል። መኪናው ነገ ሳንጃ ሳይደርስ ሲቆም ምን እንደነበረበት ከማን ትጠይቃለህ? መጀመሪያ አንብበህ ደብተርህ ላይ ጻፈው።

ሶኬቱ ከመሪው በታች ነው፤ ባለ16 ቀዳዳው። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ አስገድዳዋለች፣ አውሮፓም ተከትላለች። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞች ግን ሶኬቱ ቢኖራቸውም ርካሹ ማንበቢያ ላያናግራቸው ይችላል። ያኔ ማንበቢያው ዝም አለ ብለህ መኪናውን ጤነኛ ነው እንዳትል።

ይኸው፣ ፒ0301 አለህ። አንደኛው ሲሊንደር በደንብ አይነድም ማለት ነው እንጂ ኮይል ግዛ ማለት አይደለም። የሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያይር፣ ኮዱን አጥፋና ንዳው። ፒ0302 ብሎ ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ሄዷል፣ ኮይል ይገዛል። እዚያው 0301 ላይ ከቀረ ካንዴላውን ፍታ፤ እሱም ደህና ከሆነ ኢንጀክተሩን እይ፣ ከዚያ ኮምፕሬሽን ለካ። ይህን ሁሉ ሳታደርግ ደንበኛውን ዕቃ ፍለጋ ጎንደር አትስደደው።

አባባ ካርቡሬተር በጆሮው ሲያስተካክል አይተሃል። ጆሮህን አትጣል፣ አሁንም ያስፈልግሃል። ግን ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ያጨሳል። የዛሬው ሞተር ግፊቱን በሴንሰር ለክቶ ነዳጁን ራሱ ይመጥናል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሲቆሽሽ ወይም ሽቦው ሲላላ ሞተሩ በሐሰት ወሬ ነው የሚሠራው። ላቫጆ ቤት ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ እንዳያጥቡት ንገራቸው፤ ውኃ ሶኬቶቹ ውስጥ ከገባ ወር ሙሉ ያደክምሃል። ፖርታ ባጋሊዮ ሊበየድ ሲመጣም ባትሪውን ሳታላቅቅ በያጁን አታስጠጋ፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ሚኒባስ ሲመጣልህ ቁልፉን ክፈትና ሞተሩን ሳታስነሳ ዳሽቦርዱን እይ። የኤቢኤስ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወጣ ሰው ሊኖር ይችላልና ፈትሽ። መብራቱ በርቶ ከቀረ ተራው ፍሬን ይይዛል፣ ነገር ግን በዝናብ ድንገት ሲረገጥ ጎማው ሊቆለፍና መሪው እንቢ ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጭቃ የሸፈነው የጎማ ሴንሰር ወይም የተበጠሰ ሽቦ ነው፤ አንዳንዴ በጨርቅ ጠርጎ የሚያልቅ ሥራ። ለሾፌሩም ንገረው፦ ኤቢኤስ የጋለ ፍሬን አያቀዘቅዝም፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ። ከኋላው የተቀመጡት እናቶች ይህን አያውቁም፤ አንተ ግን ታውቃለህ።

«እኛ ጋ የሚመጣው አሮጌ መኪና ነው» አትበለኝ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲስ አበባን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገ ትክል ድንጋይም ይደርሳሉ፤ እነሱ ላይ ካርቡሬተርም ካንዴላም የለም።

ሲመጡልህ ጎማቸውን ቀይር፣ የፍሬን ሸራቸውን እይ፣ ትንሿን ባለ12 ቮልት ባትሪ ለካ። ብርቱካናማ ገመድ ካየህ ግን እጅህን ሰብስብ፤ በውስጡ የሚያልፈው ብዙ መቶ ቮልት ሰው ይገድላል። በእሱ ላይ እስክትሠለጥን ድረስ ባለመኪናው ቢለምንህም ቢቆጣህም አትክፈተው።