እንቆቅልሽ በኪውአር ኮድ፦ ለትምህርት ቤት ግቢ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ለዓመቱ መዝጊያ ተማሪዎቼ በኪውአር ኮድና በእንቆቅልሽ እየተመሩ ግቢው ውስጥ የተደበቀ ሽልማት የሚፈልጉበት ጨዋታ ላዘጋጅ አስቤአለሁ። ግቢያችን ዋይፋይ የለውም፤ ስልክ ያለንም መምህራኑ ብቻ ነን። ይቻል ይሆን?
መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በሚገባ ይቻላል። ብዙ ሰው ኪውአር ኮድ የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል። እንቆቅልሹን ራሱን ኮዱ ውስጥ መጻፍ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል። ኮዱን ሲሠሩ «ሊንክ» ሳይሆን «ጽሑፍ» የሚለውን ይምረጡ።

አማርኛ ግን እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ 3 ይይዛል፤ 100 ፊደል 300 ባይት ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር የኮዱ ነጠብጣቦች ይደቃሉ፣ ያረጀ ካሜራም አይለያቸውም። እንቆቅልሹ ከ60 ፊደል ባይበልጥ፣ ኮዱም የመዳፍ ያህል ቢሰፋ ጥሩ ነው። ዙሪያውን ያለውን ነጭ ኅዳግ አይቁረጡት። ጥቂት ቢቆሽሽ አያስጨንቅዎ፤ ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ዴንሶ የተፈጠረው ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ ስለነበር፣ ከፊሉ ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ነው የተሠራው። በመካከለኛው የስሕተት ማረሚያ ደረጃ 15 በመቶ ያህል ጉዳት ይችላል፤ ለእርስዎ ይበቃል።

ጊዜዎን ሁሉ የምመክርዎት እንቆቅልሹ ላይ እንዲያጠፉ ነው። «ቀጣዩ ኮድ ደወሉ ጋ ነው» ቢሉ ልጆቹ ይሮጣሉ እንጂ አያስቡም። በብዙ ትምህርት ቤት ደወሉ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ፦ «ድሮ በመንገድ ሮጥሁ፤ ዛሬ ተሰቅዬ ሌላውን አስሮጣለሁ» ይበሏቸው። ለባንዲራው ምሰሶ ደግሞ፦ «ሲነጋ ይለብሳል፣ ሲመሽ ይራቆታል።» ልጁ በየቀኑ አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆም ብሎ እንዲያየው የሚያደርግ ጥያቄ ነው የሚፈለገው። ለዚህም ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ግቢውን ቀስ ብለው ይዙሩት፤ እንቆቅልሹ ያለው እዚያው ነው።

ያቃታቸው ቡድኖች ምን ይሁኑ? ከአገራችን ጨዋታ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። እያንዳንዱን ቡድን አንድ ስልክ የያዘ መምህር ይከተል። መልሱ ሲጠፋቸው «አገር ስጡኝ» ይበላቸው። «ጎንደርን» ካሉት ጎንደር ገብቶ ምን እንደበላና እንደጠጣ፣ እነሱ ደግሞ በር ላይ ቆመው እንዴት እንደጎመጁ እያወራ ያብግናቸው፤ ከዚያ መልሱን ይንገራቸው። የሰጡትን አገር ይመዝግብ። አሸናፊው ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን ጥቂት አገር የሰጠው ይሁን፤ ያኔ ዘገምተኛው ልጅም ለቡድኑ ይጠቅማል፣ ግፊያውም ይቀንሳል።

ቡድኖቹ አንዱ የሌላውን ጀርባ ተከትሎ እንዳይሄድ ኮዶቹን በክብ ያያይዟቸው፦ 6 ቡድን ካለ 6 ቦታ፣ እያንዳንዱ ከተለያየ ቦታ ይጀምር። ጉድጓድና የመብራት ቆጣሪ አካባቢ ምንም አይለጥፉ።

ወቅቱ ሰኔ ስለሚሆን ወረቀቱን በፕላስቲክ መሸፈንዎ አይቀርም። ፕላስቲክ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቅና ካሜራውን ያውረዋል፤ ጥላ ያለበት ግድግዳ ይምረጡ። በዋዜማው፣ ጨዋታው በሚካሄድበት ሰዓት፣ ከመምህራኑ ስልክ ሁሉ ያረጀውን ተውሰው እያንዳንዱን ኮድ ይሞክሩ። እሱ አማርኛውን አስተካክሎ ካነበበ ሌሎቹ አያስቸግሩዎትም።