ሰው በሌለበት ባሕር ላይ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታማኝነት ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ማስታወሻም ይዘናል። ወደ ልባችን የገባው ግን በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

ቀኑ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ፣ በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል ነበር። ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ አሥር ቀን ሆኖታል። አባታችን ከሥራ ባልደረባቸው ጀልባ ተውሰው፣ እኛን ልጆቻቸውንና ከባሕር ዳር ሊጠይቁን የመጡትን አያታችንን ይዘው፣ በሲያትል አጠገብ ወዳለው ፒዩጀት ሳውንድ ወጡ። ውኃው ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገባ ጨዋማ ባሕር ነው። በበጋም ቢሆን እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ሁላችንም የሕይወት አድን ጃኬት ለበስን። ጣናን የሚያውቁት አያታችን፣ በደንገል ታንኳ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም ብለው ሳቁብን።

የሄድነው ሳልሞን ልናጠምድ ነው። ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ በባሕር ያድጋል፤ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ፒንክ የሚባለው ዐይነት ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚኖር፣ ወደዚያ ባሕር በብዛት የሚመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቁጥራቸው ጎዶሎ በሆኑ ዓመታት ነው። ትልቁ ዐይነት ቺኑክ ይባላል። የፒዩጀት ሳውንድ ቺኑክ ቁጥሩ እያነሰ በመሄዱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ ይጠበቃል። በማራቢያ ጣቢያ ያደጉት አብዛኞቹ ዓሦች ሲለቀቁ፣ ከጅራታቸው በላይ በጀርባቸው ላይ ያለችው ትንሽ ለስላሳ ክንፍ ትቆረጣለች። ክንፏ ያልተቆረጠች ቺኑክ ከተያዘች ግን ተመልሳ መለቀቅ አለባት።

እስከ ቀትር የያዝነው ሁለት ፒንክ ብቻ ነበር። ማታ ደግሞ እንግዶች ጠርተናል፤ እናታችንም በቤት ሆነው ዓሣውን ይጠብቃሉ። ቀትር ካለፈ በኋላ የታናሽ ወንድማችን ዘንግ ድንገት ጎበጠ። ብዙ ከታገልን በኋላ ዓሣዋ ከጀልባዋ ጎን ብቅ አለች። ድዷ ጥቁር፣ ጅራቷ ዝንጉርጉር፣ ትልቅ ቺኑክ ናት። ትንሿ ክንፍም በስፍራዋ አለች።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ማን ያየናል?» አለ። ሌላው፣ «ክንፏን በቢላዋ መቁረጥ ይቻላል» አለ። እንዲህ ያልነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ነን። ጠዋት ሕጉን ለቤተሰቡ ያነበብነውም እኛው ነን። አባታችን መረቡን እንደ ያዙ ዝም አሉ። አያታችን ነገሩ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ።

«ልትራባ ወደ ወንዟ የምትመለስ ናት» አልናቸው።

«ታዲያ መንገደኛ ናታ! ልጆቼ፣ መንገደኛ ይዘረፋል?» አሉ።

አባታችን መረቡን አስቀመጡ። መንጠቆው ጎን እሾህ ስላልነበረው በፒንሳ ይዘን ስናዞረው ወለቀ፤ ዓሣዋም ወደ ጥልቁ ገባች። ታናሽ ወንድማችን አለቀሰ። እኛም በዚያን ሰዓት ደስ አላለንም፤ ይህን መደበቅ አይገባንም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ/ የተገኘ ሁሉ አይወሰድም። በኦሪት ዘዳግም 22፥6-7 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። እግዚአብሔር ሲሰጠን ወሰንም ያበጅልናል፤ ነገም ሌላው እንዲያገኝ ነው።

2ኛ/ ሰው አለማየቱ ኃጢአትን አያቀልም። በኦሪት ዘፍጥረት 39 ዮሴፍ በተፈተነበት ሰዓት በቤቱ ውስጥ የሚያየው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን በእግዚአብሔር ፊት መሆኑን ዐወቀ። እኛ ሕጉን ከእርሱ ይልቅ በዝርዝር አንብበን ነበር፤ ማንበብ ብቻውን አላዳነንም።

3ኛ/ ባዶ እጅ አያሳፍርም። በዮሐንስ ወንጌል 21 ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ጌታ የሚበላ እንዳላቸው ሲጠይቃቸው፣ እንደሌላቸው በእውነት መለሱ። አንድ መቶ ኀምሳ ሦስቱ ዓሣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ግን ከዚያ ወዲያ አንድም አልያዝንም። እንግዶቻችን ሁለቱን ፒንክ ተካፍለው ሽሮ ጨምረው በሉ። ስለዚህ ታማኝነት ዋጋው በዚያው ቀን በእጅ ይገባል ብለን አናስተምርም። እናታችን ዓሣው ስለ ምን እንዳነሰ ሲጠይቁን ግን፣ የተደረገውን ሁሉ ዐይናቸውን እያየን ነገርናቸው። ይህም በቂ ዋጋ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

ሀ/ በፈተና ክፍል፣ በሥራ ቦታ ወይም በቤት ውስጥ የእኛ «ትንሽ ክንፍ» ምንድን ናት?

ለ/ ከእኛ ያነሰ የተማሩ ታላላቆቻችን ሲያርሙን እንዴት እንቀበላቸዋለን?